ዓሦችን ከብርድ የመታደግ ኮሚቴ

የሰው ልጅ ለዓሣ የዋለው ውለታ አንድ ቀን ተሰብስቦ ቢጻፍ፣ በተራራው አናት ላይ ያለው የግድብ ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለብቻው ይይዛል። ጽሕፈት ቤቱ ትራውት የተባሉ አራት መቶ ዓሦችን አስመጥቶ፣ በግድቡ ዳር ውሃውን በመረብ አጥሮ፣ ሦስት ዓመት አሳድጓል። ማለትም አንድ ዓሣ ጠባቂ አሳደጋቸው፤ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ስለ ማሳደጉ ተሰበሰበ።

የዓሣ ጠባቂው እናት የዚያው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ናት። ልጇ ሦስቱንም ዓመት በጊዜያዊነት ነው የሠራው። ቋሚ የሚሆነው ግድቡ ዳር ለእንግዶች የሚከፈተው የዓሣ ማጥመጃ ሥፍራ በተመረቀ ማግስት ነው ተብሎ ቃል ተገብቶለታል። እሷ ግን ቃል ሲገባ ይበልጥ ትፈራለች። ልጇ ስልክ ካላነሳ ውሃ ወስዶታል፤ ካነሳ ደግሞ ተባሮ ነው።

ምረቃው አንድ ሳምንት ሲቀረው ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ዓሣ ማጥመድ ሊለማመዱ ወደ ውሃው ወረዱ። ሁለት ካፖርት ደርበው፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ ተጫምተው፣ መንጠቆውን አንዴ ቁጥቋጦ ላይ፣ አንዴ የሾፌራቸው ኮፍያ ላይ ከሰኩ በኋላ በመጨረሻ ውሃው ውስጥ ጣሉት። ከዚያ በስልክ እየጮኹ ዳሩን ሁለት ሰዓት ተንጎራደዱበት። አንድም ዓሣ ዝር አላለም። ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ወደ ቢሮ ሲመለሱ ግን ታላቅ ግኝት ይዘው ነበር፤ ዓሦቹ የማይነክሱት አፋቸው በብርድ ስለ ደነዘዘ ነው።

ወዲያው ዓሦችን ከብርድ የመታደግ ጊዜያዊ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ውሃውን ቢለካ ዘጠኝ ዲግሪ ሆኖ አገኘው። የፋይናንስ ኃላፊው ጣቱን ነክሮ፣ በዚህ ውሃ እንኳን ሊኖርበት ፊቱንም እንደማይታጠብ የሙያ አስተያየቱን ሰጠ። ስለዚህ ዓሦቹ በእንግዳ ማረፊያው ጓሮ ወዳለው የሲሚንቶ ገንዳ እንዲዛወሩ፣ እስከ ምረቃው ድረስም ከቦይለር በሚሳብ ሙቅ ውሃ እንክብካቤ እንዲደረግላቸው የውሳኔ ሐሳብ ቀረበ።

ዓሣ ጠባቂው እጁን አወጣ። እናቱ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው፤ አልሰማትም።

«ጌታዬ፣ ትራውት የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው። በሙቅ ውሃ አየር ያጥረውና ታፍኖ ይሞታል። ያልነከሰልዎትም ጥላዎን አይቶ ስለ ሸሸ ነው። ቅዝቃዜውን ወዶ ነው የሚኖርበት።»

«ወዶ መሆኑን በምን አወቅህ? አማራጭ አጥቶስ እንደሆነ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ተሰብሳቢው አጨበጨበ። እናትየውን ላብ አጠመቃት። ይህ ነገር ቃለ ጉባኤ ውስጥ ከገባ ልጇ አለቃ ተዳፋሪ ሊባል ነው፤ ቋሚነቱም እዚያው ቀረ ማለት ነው። የተናገረውን ዘለለችና በምትኩ «ዓሣ ጠባቂው ሐሳቡን በሙሉ ልብ ደግፏል» ብላ አሰፈረች። ሁሉም እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ ፈረሙበት። ልጇም ፈረመ።

ኮሪደሩ ላይ ክንዱን ይዛ፣ «አፍህን ዝጋልኝ፣ ልጄ» አለችው። «ዓሣ ቢሞት የሚያለቅስ የለም። አንተ ሥራ ፈትተህ ቤት ስትውል የማለቅሰው እኔ ነኝ።»

አራት መቶዎቹ በበርሜል ተጓጓዙ። ሥራ አስኪያጁ ከሚተነው ገንዳ ጫፍ ቆመው፣ ከእንግዲህ በዚህ ጽሕፈት ቤት ብርድ የሚባል ነገር ታሪክ እንደሚሆን አበሰሩ። የጸሐፊዋ ክፍል መስኮት ከተሰበረ ያኔ አራተኛ ክረምቱ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንሳፍፈው ተገኙ። ኮሚቴው ገንዳውን ዞሮ ጎበኘ። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ፀሐይ እየሞቁ ነው ብሎ ገመተ፤ ከሰዓት በኋላ ሽታው ግምቱን አስተባበለ።

ምረቃው ላልተወሰነ ጊዜ ተላለፈ። ጥፋተኛው ግን በተወሰነ ጊዜ መገኘት ነበረበት። ዓሣ ጠባቂው ቀድሞ ማስጠንቀቁን ለስብሰባው ተናገረ፤ ማንም ትዝ አላለውም። ሥራ አስኪያጁ ቃለ ጉባኤው እንዲነበብ አዘዙ። እናቱ የገዛ እጅ ጽሑፏን እየተንተባተበች አነበበች። ልጇ ቀና ብሎ አያት። ያኔ አልቻለችም።

«ውሸት ነው፣ ጌታዬ። እሱ ተናግሯል። እኔ ነኝ ፈርቼ ያልጻፍኩት።»

«የእናት አንጀት ነው፣ ይገባናል» አሉ ሥራ አስኪያጁ በርኅራኄ። «እኛ ግን የምናምነው የሚሉትን ሳይሆን የጻፉትን ነው።»

ከዚያም ደብዳቤውን አጻፏት፤ ዓሣ ጠባቂው አደገኛ ሐሳብ በመደገፉ፣ እንዲሁም የሚጠብቀው ዓሣ ባለመኖሩ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ተሰናብቷል። እንባዋ እየወረደ ጻፈች። ስትጨርስ ብዕሯን ሳታነሳ ጠየቀች።

«ኮሚቴውስ? ፈርሷል ብዬ ልጻፍ?»

«ለምን ይፈርሳል፣ እትዬ? ውሃው እኮ አሁንም ቀዝቃዛ ነው። ቋሚ ሆኗል ብለው ይጻፉ።»