ሁለተኛዋ ሞላ

ዕቃ ፈትቶ የመግጠም አባዜ ያለብን ሰዎች አንድ የጋራ ውሸት አለን። ገጥመን ስንጨርስ ሁለት ብሎን ከተረፈን፣ «ይኼ ድሮም ትርፍ ነበር» እንላለን። ሬዲዮኑ ዝም ይላል፤ እኛ ግን ዝም አንልም። ባለቤቴ የእኔን ትርፍ ብሎኖች በጣሳ ታጠራቅማለች። አንደኛው ጣሳ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ተሻግራለች።

ጡረታ የወጣሁ የእጅ ሥራ መምህር ነኝ። ከሰሜን ወደ አርባ ምንጭ ስመደብ ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር፤ የጨንቻ ልጅ አግብቼ ይኸው እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ሸበትኩ። በባለቤቴ ቤተሰብ የመስቀል ችቦ በክብሪት አይለኮስም። የቅድመ አያታቸው የባልጩት ጠመንጃ አለ። አፈሙዙ ከተደፈነ ዘመናት አልፈዋል፤ ምላጩ ሲሳብ ግን ባልጩት የነከሰው መዶሻ ብረት ይመታና እሳት ይረጫል፣ ችቦውን የሚያቀጣጥለው ያ እሳት ነው። መዶሻው ከሞተ ወዲህ ሦስት መስቀል በክብሪት ለኮስን። የባለቤቴ አባት፣ አባባ ዳና፣ ክብሪት በተጫረ ቁጥር ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ዘንድሮ አልጋ ላይ ሰነበቱና «የአባቶቼን እሳት ሳላይ አልሂድ» አሉ። እኔም ሰው በተሰበሰበበት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ።

ጠመንጃውን ቤቴ አውርጄ ፈታሁት። የሞተችው መዶሻውን የምትገፋው ሞላ ነበረች። ሲቀላ ገበያ ለባጃጅ የማይገኝ መለዋወጫ የለም፤ ለቅድመ አያት ጠመንጃ ግን ማን ያስመጣል? ገበያው ዳር ወዳለው ቀጥቃጭ፣ ወደ ማዳ ሄድኩ። ማዳ እኩያዬ ነው፣ የባለቤቴ መንደር ተወላጅ። መንደሩ ማረሻና ቢላ ይቀበለዋል እንጂ ግባና ተቀመጥ አይለውም፤ ቀጥቃጭ ነዋ። አባባ ዳናም ዕድሜ ልኩን ከደጅ ነው ያናገሩት። እኔ ተማርኩ ባዩም ይህን ሁሉ ዓመት እያየሁ ዝም ብያለሁ።

ማዳ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቆርጦ፣ አግሎ፣ ቀጥቅጦ ሞላ አወጣልኝ።

«መምህር፣ ቦታዋ ለማስገባት ብለው በአንድ ጊዜ አይጭመቋት» አለኝ። «ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ።»

ለእኔ! ሠላሳ ዓመት ሞርሳ ላይ ልጅ ላስተማርኩት! ቤቴ ገብቼ በፒንሳ አንቄ አንዴ ጨመቅኋት። ጧ! ግማሿ ጣሪያ መታች፣ ግማሿ እጄ ላይ ቀረች። ለችቦው አምስት ቀን ቀርቶታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውንም አጣሁ።

አፍሬ ተመለስኩ። አፌን ሳልከፍት ማዳ ከግድግዳው ሚስማር ላይ ሌላ ሞላ አወረደ። መቼ ሠራሃት ስለው፣ «ያን ቀን እርስዎ እንደወጡ። አረማመድዎን አይቼ» አለኝ።

ይህችኛዋን በሞርሳው መንጋጋ መሃል አስሬ፣ በየጠዋቱ ሩብ ዙር ብቻ እያጠበቅሁ ሰነበትኩ። እጄን ያሳክከኛል፤ ባለቤቴ ግን ሞርሳውን እንደ ሕፃን ትጠብቃለች። በአራተኛው ቀን ሞላዋ ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች። ብሎንም አልተረፈ።

ለመስቀል ወደ ጨንቻ የማይወጣ የመንደሩ ልጅ የለም። ማዳም ወጥቷል፤ እንደ ልማዱ አጥሩ ጋ ቆሟል። አመሻሽ ላይ አባባን ደግፈን ደጅ አስቀመጥናቸው። ምላጩን ሳቡ። እሳቱ ፈሰሰ፣ ደረቁ ሣር ያዘ፣ ችቦው ቦግ አለ። መንደሩ በእልልታ ተናወጠ። አባባ አለቀሱ፤ እኔም፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ አለቀስኩ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ሞላዋን ማን ሠራት?» አሉ አባባ።

«ማዳ» አልኩ።

እልልታው ቆመ። አባባ ችቦውን አዩና ወደ ቤት አስገቡኝ አሉ። ገብተው እንደተቀመጡም፣ «ጥሩት፤ እዚህ ጎኔ ይቀመጥ» አሉ።

ማዳ መጣ። አንድ እግሩን ከበሩ አስገብቶ፣ ሌላውን ውጭ ትቶ ቆመ።

«ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ ይሁን፣ አባባ» አለ።

«እኔ ነገ የለኝም» አሉ አባባ፤ እጃቸውንም ዘረጉለት።

ገባ። ሁለቱ ከአንድ የእንሰት ቅጠል ላይ ሥጋ ሲቆርሱ፣ ቤቱ ውስጥ ከእነሱ ሌላ የሚያኝክ አልነበረም።

የመንደሩ ሰው እስከ ዛሬ «ጠመንጃዋን ያዳነው መምህር» ይለኛል፤ እኔም አላስተባብልም። የተሰበረችውን ሞላ ግን በኪሴ ይዣት እዞራለሁ። እሷ ባትሰበር ኖሮ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማን ሠራት ስባል «እኔ» ነበር የምለው።