የቦይለሩ ሹም ቅናት

በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ማሽን ሲጠብቅ ኖሮ፣ አዲስ ማሽን የመጣ ቀን እንደ ጣውንት የሚቀና። የሆቴሎችን አንሶላና ፎጣ በሚያጥበው ድርጅት ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር የቦይለሩ ሹም ናቸው።

ለሃያ ሁለት ዓመት ሙቅ ውሃ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው ያለፈው። አጣቢዎቹ ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ ከቦይለሩ አጠገብ እጃቸውን እያሞቁ፣ "ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?" ይሏቸው ነበር። ከዚያ ሂት ፓምፕ የሚሉት መጣ። እሳት የለው፣ ጭስ የለው፤ በኤሌክትሪክ እየሠራ፣ ለብ ብሎ ከሚፈሰው እጣቢ ሙቀቱን ይቀማና ለንጹሁ ውሃ ይሰጣል። ቦይለሩ ለመጠባበቂያ ይቀመጥ ተብሎ እሳቱ ጠፋ። ሰላምታውም ወደ አዲሱ ማሽን ክፍል ዞረ።

"እሳት የሌለው ሙቀት ሐሜት ነው" አሉ ሹሙ። "ይሞቃል ይባላል እንጂ ማን አየው?"

እሳቸው ግን ማየቱን አልተዉትም። ሰው ለምሳ ሲወጣ ቴርሞሜትራቸውን በካፖርታቸው ሸሽገው ገብተው ቧንቧውን ይለካሉ። ሰማንያ ዲግሪ። በነጋታውም ሰማንያ። ሰባ አምስት ቢሆንላቸው ምሳ በተበላላቸው። ቤት ሲገቡም ወሬያቸው ያው ፓምፕ ነው፤ ዛሬ አጉረመረመ፣ ተነፈሰ፣ ተኮፈሰ። ባለቤታቸው ቢሰለቻቸው፣ "ሌላ ሴት ብትይዝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷን ቢያንስ እራት ላይ ይዘህብኝ አትመጣም" አሏቸው።

በአራተኛው ወር አንድ ማክሰኞ ውሃው ቀዘቀዘ። ከፓምፑ ጋር የተቀጠረችው ወጣት ቴክኒሻን መቆጣጠሪያውን ብትፈትሽ ምንም ብልሽት አላገኘችም። ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ፤ "ጋሼ፣ ቦይለሩን ያስነሱልን።"

የለመኑት ቀን ደረሰ። ሹሙ ክብሪታቸውን አወጡ፤ ግን ጆሯቸው ወደ ፓምፑ ክፍል ሄደ።

"ቆይ" አሉ ፊታቸው እየተለወጠ። "ሲውጥ እየታነቀ ነው። ትናንት እንዲህ አይተነፍስም ነበር። ልጄ፣ የእጣቢውን ማጣሪያ ክፈቺው።"

ስትከፍተው ድመት የሚያህል የፎጣ ብናኝ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ሰማንያ ገባ።

"እንዴት አወቁት?" አለች።

"ወዳጅ ቸል ይባላል" አሉ። "ጠላት ግን ይደመጣል።"

ከዚያ ወዲህ ወንበራቸው ከፓምፑ አጠገብ ነው። ቅናቱስ? አለ፤ አሁን ግን በቴክኒሻኗ ላይ ሆኗል። እጇን ወደ ፓምፑ ስትሰድ "ቀስ" ይላሉ። እሷም የክፍሉ ቁልፍ በኪሷ እያለ፣ ክዳኑን ሳትነካ በፊት፣ "ጋሼ፣ ይፈቅዱልኛል?" ብላ ቆማ ትጠብቃለች።