ጣሚት ወንዝ ሽቅብ ሲፈስ

ሊነጋጋ ሲል አያ እንየው ሕልም አዩ። በሕልማቸው ጣሚት ወንዝ ሽቅብ ይፈስ ነበር።

ሕልሙን ከመንገሬ በፊት ግን የማታውን ነገር ላውራችሁ። ከጣሚት ሸለቆ ሰው ሁሉ ለቆ አልቋል። ገሚሱ ለሥራ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀረ፣ ገሚሱ ልጆቹን ተከትሎ ከተማ ገባ። ባዶ ቤቶቹ ጣራቸው እያፈሰሰ ወደ አንድ ጎን ዘመዋል፤ ግቢያቸውን ቁልቋልና ቆንጥር ወርሶታል። የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከወንዙ ወዲህ አያ እንየው፣ ከወንዙ ወዲያ አያ ስማቸው። ሁለቱ ደግሞ ተኳርፈዋል። ጠባቸው በዝንጀሮ ነው። አያ እንየው ዝንጀሮ ከበቆሏቸው ሲያባርሩ መንጋው ወንዙን ተሻግሮ የአያ ስማቸው ማሳ ውስጥ ይሰፍራል። አያ ስማቸው "ሆን ብለህ ነው ወደኔ የምትነዳቸው" አሉ፣ እንየው "ዝንጀሮ መንገድ የማሳየው እኔ ነኝ?" አሉ፤ በቃ፣ ያ ሆነ መጨረሻቸው።

በዚያ አገር ማሳ ጠባቂ ጎህ ሲቀድ ማማው ላይ ወጥቶ "እሆይ!" ይላል። የማዶው ጠባቂ "አለሁ!" ብሎ ይመልሳል። ጥሪው ከማማ ወደ ማማ ሲዞር ሁሉም በሰላም ማደሩ ይታወቃል። አያ እንየው አሁንም በየማለዳው ይጣራሉ። አያ ስማቸው ግን ጭሳቸው እየታየ ጭጭ ይላሉ።

ትናንት የአያ እንየው ልጅ አስማረ አባቱን ሊወስድ በቅሎ ይዞ ከከተማ መጣ። ዕቃውን በሙሉ በጆንያ ከቶ፣ አስሮ፣ ደጃፍ ላይ ደረደረው።

"እሸቱንስ ለማን ጥዬ?" አሉ አባት።

"ለዝንጀሮ። አባባ፣ እዚህ ቢታመሙ ማን ይደርስልዎታል? ሲጣሩ 'አለሁ' የሚልዎት አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ ያምጡና እተውዎታለሁ።"

"ማልልኝ።"

"እምላለሁ!"

አያ እንየው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ።

እናም ጣሚት ሽቅብ ፈሰሰ። አያ እንየው በገዛ ማሳቸው ውስጥ በእጅና በእግራቸው እየዳኹ እሸት ይሰርቁ ነበር። ሁለቱም ጉንጫቸው በበቆሎ ተወጥሯል። ማማው ላይ አንዲት ዝንጀሮ ልጇን አዝላ ወንጭፍ ታሽከረክራለች።

"ሂድ አንተ ሰው! ጭራ ቢስ!" ብላ ጮኸች፤ ድንጋዩ ጆሯቸውን ታክኮ አለፈ።

አያ እንየው አልተቀየሙም፤ እንዲያውም አወራወሯን አደነቁላት። ሮጡ። ሲሮጡ ከተማ ገቡ። አስፋልቱ ላይ ቤቶች ተሰልፈው ቆመዋል። የጣሚት ቤቶች ናቸው፤ በራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሰው ሊከራዩ መጥተዋል። ደላላው ፍየል ነው።

"ሰው አለ?" አለ አንድ የዘመመ ቤት።

"አንድ ሽማግሌ አለ። ትንሽ ያስለዋል።"

"ጭስ ይችላል?"

"ጭስ ውስጥ ነው ያደገው።"

"ጣራው አፈሰሰ ብሎ ይነጫነጫል?"

"መነጫነጩን ይነጫነጫል፤ ግን ራሱ ወጥቶ ይጠግነዋል" አለ ፍየሉ።

ቤቱ ዞር ሲል የራሳቸው የአያ እንየው ቤት ሆኖ ተገኘ። "እሳት ለኩሼ ነው የመጣሁ፣ ቶሎ በል!" አለና እንደ ሕፃን አንጠልጥሎ ይዟቸው ወደ ሸለቆው ወረደ።

ዋርካው ሥር ችሎት ተሰይሟል። ዳኛው ጋማው እንደ ጋቢ ትከሻው ላይ የወረደ ሽማግሌ ዝንጀሮ ነው።

"ጥፋትህን ታውቃለህ?"

"እሸት ሰርቄ እንደሆነ፣ ጌታዬ..."

"እሸት ማን አነሳብህ! ጥለኸን ልትሄድ ነው የሚባለው እውነት ነው?"

አያ እንየው አፈሩ። መንጋው አጉረመረመ። ማማ ላይ የነበረችው ዝንጀሮ እንባዋን እየጠረገች ቀረበች።

"ጌታዬ፣ ይኸ ልጄ በዚህ ሰው ስድብ ነው ያደገ። 'አንተ ቀላዋጭ' ካልተባለ ከእንቅልፉ አይነሳልኝም። ደግሞስ ሰው ያልጠበቀው በቆሎ ምን ጣዕም አለው? ባለፈው ከባዶ ቤት ጓሮ ገብተን ብንበላ፣ ጨው እንደሌለው ወጥ ሆነብን።"

"ምስክር ይቅረብ!"

ገደል ማሚቶ ነጠላዋን እያጣፋች ከገደሉ ወጣች። ጉልበቷን እየዳሰሰች ተቀመጠች።

"እኔ ሥራ ፈታሁ፣ ጌቶቼ። ድሮ የሰርጉን ዘፈን፣ የደቦውን ሆታ፣ ልጇ የጠፋባትን እናት ጩኸት ሁሉ ስመልስ ቀኑ አይበቃኝም ነበር። ዛሬ ማለዳ ማለዳ አንዲት 'እሆይ' ብቻ አገኛለሁ። እሷንም ይዞብኝ ሊሄድ!"

ተራራው "እውነቷን ነው" አለና ጥቂት ድንጋይ አራገፈ።

"ተፈርዷል!" አለ ዳኛው። "ወንዙ የሄዱትን ሁሉ ይመልስ።"

ጣሚት ከታች ከቆላው እየጋለበ መጣ። ሰዎቹን በጀርባው ተሸክሟል። አንዱ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል፣ አንዷ ቴሌቪዥኗን ታቅፋለች፣ አንድ ሰርግም ከነሙሽራው ከነድንኳኑ ይንሳፈፋል።

"ቀስ በል እንጂ፣ ጫማዬን አበሰበስከው!"

"የዚህን ወር ኪራይ ከፍያለሁ እኮ!"

ወንዙ አልሰማቸውም። እያንዳንዱን እየያዘ በየደጃፉ አራገፈው። የዘመሙት ቤቶች ወገባቸውን አቀኑ። ቆንጥሩ ይቅርታ ጠይቆ ከግቢው ወጣ። ከየጣራው ጭስ ተነሳ፤ በሬዎቹ ሞፈራቸውን ራሳቸው ተሸክመው ወደ እርሻ ወረዱ። አያ እንየው በደስታ አለቀሱ። በወጣትነታቸው ጉልበት ማማው ላይ ወጡና "እሆይ!" አሉ።

"አለሁ!" "አለሁ!" "አለሁ!"

ጥሪው ከማማ ወደ ማማ እየዘለለ ሸለቆውን አዳረሰው። ገደል ማሚቶ ነጠላዋ ወድቆ፣ ወዲያና ወዲህ እየሮጠች፣ እየሳቀች ትመልሳለች። ጥሪው ዞሮ ዞሮ ማዶ ካለው ከአያ ስማቸው ማማ ሲደርስ ቆመ። መልስ የለም። ወንዙም መፍሰሱን ትቶ ጆሮውን ሰጠ።

"ጥሪው አልሞላም" አለ ዳኛው።

"ስማቸው ለእኔ አይመልስም፣ ጌታዬ። አኩርፎኛል።"

"በስሙ ጠርተኸዋል?"

አያ እንየው አሰቡ። "እሆይ" የሚባለው ለሸለቆው ሁሉ ነው። ከጠቡ ወዲህ የአያ ስማቸውን ስም አንድ ቀን እንኳ ከአፋቸው አውጥተው አያውቁም። ዝንጀሮዎቹ ወንጭፋቸውን አስቀምጠው ይጠብቃሉ። አያ እንየው በጉንጫቸው የያዙትን በቆሎ ዋጡና ትንፋሻቸውን ሳቡ።

"ስማቸው! አንተ ስማቸው ሆይ!"

በገዛ ጩኸታቸው ነቁ። አስማረ ከመኝታው ተስፈንጥሮ ተነሳ።

"ምን ሆኑ፣ አባባ?"

አያ እንየው ወደ ደጅ ወጡ። ጎህ ቀዷል። ጣሚት እንደ ወትሮው ቁልቁል ይፈሳል። ባዶዎቹ ቤቶች እንደዘመሙ ናቸው። ማሳው ግን ማሳ አልነበረም፤ ዝንጀሮዎቹ በማለዳ ገብተው እሸቱን ዘንጥለው ጨርሰዋል። ጩኸቱ ያስደነገጣቸው የመጨረሻዎቹ ወንዙን እየተሻገሩ ነበር። የታሰሩት ጆንያዎች ደጃፉ ላይ በቅሎዋን ይጠብቃሉ። አያ እንየው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

ይኼኔ ከማዶ፣ ብዙ ጊዜ ያልተጮኸበት የሻከረ ድምፅ መጣ።

"አለሁ! አለሁ፣ አንተ ተንኮለኛ! ደግሞ ብለህ ብለህ ስሜን እየጠራህ ትነዳቸው ጀመር? መንጋው በሙሉ እኔ ማሳ ገባ እኮ! ናና አግዘኝ እንጂ፣ አንተ ገልቱ! ምን ተጎልተህ ታፈጣለህ!"

"ታፈጣለህ!" አለች ገደል ማሚቶ።

አያ እንየው በዕድሜያቸው እንደዚህ ደስ ያሰኛቸው ስድብ የለም። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ሰማህ?"

"ሰደቡዎት እኮ፣ አባባ!"

"'አለሁ' አላለም?"

አስማረ ወንዙን አየ፣ አባቱን አየ። "ብለዋል" አለ በመጨረሻ።

"እንግዲያው ጆንያውን ፍታ፤ ወንጭፌ ከሥር ነው ያለው።"