«አምስት ብረት ነው» ያለኝ ባሌ

አንድ ጉድ ልንገራችሁ፣ ግን ቁጭ በሉ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል!

የምትጽፈው የልጅ ልጄ ቤቲ ናት። እኔ ፊደል አላውቅም። ጉዱም እሱ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ናዝሬት፣ ወንድሜ ታምሩ የቀበሌያችን ቡድን አጥቂ ነበር። ባሌ በቀለ ደግሞ ጋራዥ ስለሚሠራ የጋራዡ ቡድን ደጋፊ። የዋንጫው ዕለት ታምሩ ሪጎሬ መታ። እናንተ ፔናሊቲ የምትሉትን።

ብረት!

ኳሷ የጎሉን ብረት መትታ ተመለሰች። ጋራዦች ዋንጫውን በሉ። ታምሩም በዚያው ክረምት ዘመተ። አልተመለሰም።

ከመሄዱ በፊት ግን ጨዋታ ሠራልኝ። ጠረጴዛ ላይ የቆርኪ ተጫዋቾች፣ አንድ ዳይስ፣ ሕጉን ደግሞ በእጁ ካርቶን ላይ ጻፈው። የዚያን ዓመት ውድድር ከመጀመሪያው ጨዋታ እስከ ዋንጫው እንደገና የምንጫወትበት ነው። «እትዬ፣ አንቺ ታሸንፊልኛለሽ» አለኝ።

እኔና በቀለ በየዓመቱ ተጫወትነው። መሠረተ ትምህርት መጥቶ ቀበሌ ሲጠራኝ እንኳ እቤት ተደብቄ ዳይስ እወረውር ነበር። «አሟታል» እያለ የሚመልስልኝ በቀለ ነው። አይ ደግነት!

ሕጉን ማን ያነባል? በቀለ!

«የጋራዥ ሪጎሬ፣ አምስትም ስድስትም ጎል። የታምሩ ሪጎሬ፣ ስድስት ብቻ። አምስት ብረት ነው።»

አመንኩ። ታምሩ የጻፈው ነዋ! ስንቴ አምስት ወጥቶልኝ ተሸነፍኩ መሰላችሁ። አርባ ምናምን ዓመት የሞተ ወንድሜን ተቀይሜ ኖርኩ። «ምነው ታሙ፣ በራስህ ላይ እንዲህ ትጽፋለህ?» እያልኩ።

ዛሬ ጎረቤት ሞልቶ ዋንጫው ላይ ደረስን። የታምሩ ሪጎሬ። ወረወርኩ። አምስት!

«ብረት!» ብዬ ጮህኩ። ራሴ!

ቤቲ ካርቶኑን አነሳችው። «እማማ፣ እንዲህ አይልም እኮ። ለሁሉም አምስትም ስድስትም ጎል ነው የሚለው። ከታች ደግሞ ‹እትዬ፣ ባንቺ እጅ ግን አገባታለሁ› ይላል።»

ባንቺ እጅ።

በቀለን አየሁት። ጣሪያ ያያል!

«አንተ ሰውዬ!»

«ታሪክ እንዳይዛባ ብዬ ነው እኮ» አይለኝም?

ታሪክ! ማን የታሪክ ዘበኛ አደረገህ? ያ ሁሉ አምስት የወንድሜ ጎል ነበር!

ጎረቤቴ ሐዋ ደግሞ ይባስ ብላ «ያ ረቢ! አንቺ አስካለ፣ ያኔ ቀበሌ ልኮኝ ለትምህርት በርሽን ሳንኳኳ አሟታል የተባልኩት ለዚህ ነው?» ብላ ቤቱን በሳቅ ገደለችው።



የታምሩን ቆርኪ አንስቼ በእጄ ጎል ውስጥ ከተትኩት። «ገባ!» አልኩ። በቀለም ዛሬ እራቱን ከፈለገ ካርቶኑን ያንብብ!

«ይቅር በይው» ብላችሁ ኮመንት እንዳትጽፉልኝ። ጻፉም አትጻፉም፣ የምታነብልኝ ቤቲ ናት። የበቀለ የልጅ ልጅ!

እሷስ ቀይራ ብታነብልኝ በምን አውቃለሁ?