ሁለት ትልልቅ ወይስ አንዲት ትንሽ?

ሳያማክር ካልሲ የማይገዛ ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተሠራም። በእኛ ሰፈር ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ጎረቤቴ ናቸው። ሙያቸው መነጽር መሥራት ነው፤ ሰፈሩ ግን "አማክሩኝ" ይላቸዋል፣ እሳቸውም አቤት ይላሉ። ፊት ለፊት አንተ እንባባላለን። በጽሑፍ ግን እንዲህ ላለው ማዕረግ አንቱታ ሲያንስ ነው።

"መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ" ይባላል። ክቡርነታቸው ነግሠው ቢሆን ኖሮ ዘውዱን እስከ ዛሬ አላወረዱትም ነበር። ችግሩ ምክሩን መቀበል ላይ ነው። የግድግዳ ቀለም አማክረውኝ ነጭ ብላቸው አረንጓዴ ቀቡ። የታመመ ጥርሳቸውን እንዲያስነቅሉ ብመክራቸው ከነጥርሳቸው ሌላ መካሪ ፍለጋ ሄዱ።

ዘንድሮ ጉዳዩ የመኪና ሙዚቃ ሆነ። አሮጌዋ መኪናቸው ቴፕ አላት፤ እሳቸው ግን "ድምፁ ሆድ የለውም" ባይ ናቸው። ሆድ የሚሰጠው ሰብዉፈር የሚባለው፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚደልቀው ስፒከር ነው። ምርጫውም ሁለት ነው፤ አንዲት ቀጭን ስምንት ኢንች ከወንበር ሥር ማስገባት፣ ወይም ሁለት ባለ አሥራ ሁለት ኢንች በትልቅ ሣጥን አድርጎ የኋላውን ዕቃ መጫኛ መሙላት። ልባቸው ያለው ሁለቱ ጋ ነው። በጎረምሳነታቸው የሰው መኪና እየደለቀ ሲያልፍ፣ የሱቅ መስታወት ሲርገበገብ፣ እሳቸው በእግራቸው ቆመው የሚያዩ ነበሩ።

ዕቃ መጫኛው ግን ባለቤት አለው። ሚስታቸው ኬክ ጋጋሪ ናት። የሠርግና የልደት ኬክ ለደንበኛ የምታደርሰው በዚያችው መኪና ነው። ኬክ ደግሞ ጠፍጣፋ ወለል ይፈልጋል፤ የኋላ ወንበር ያዘነብላል። ዕቃ መጫኛው በሣጥን ከተያዘ የሴትዮዋ ሥራ ቆመ ማለት ነው። ታዲያ ሲያማክሯት መልሷ አንድ ብቻ ነው፤ "እንዳሻህ።" ያገባ ሰው ያውቀዋል፤ ከ"እንዳሻህ" የከበደ ክልከላ የለም።

ስለዚህ የቀረውን ሕዝብ ጠየቁ። ፀጉር ቆራጩን ግማሽ ራሳቸውን ተላጭተው ጠየቁ። የደም ግፊታቸውን የምትለካውን ነርስ ሲጠይቋት "አሁን ዝም ይበሉ" አለቻቸው፤ ይህንንም ለትንሿ የተሰጠ ድምፅ አድርገው መዘገቡት። እኔ ጋ በአጥሩ ላይ ብቅ ይላሉ።

"አንተ ብትሆን የቱን ታስገባለህ?"

"ትንሿን።"

"እሺ፣ ትልልቆቹን ባስገባስ?"

"እንግዲያው ትልልቆቹን።"

"አይ አንተ፣ ሐሳብህ አይረጋም" ብለው ይታዘቡኛል።

በመጨረሻ የመኪና ቴፕ የሚገጥመው ባለሙያ ትዕግሥቱ አለቀና "ወስደው ይሞክሩት" ብሎ ትልቁን ሣጥን ጫነላቸው። በዚያው ቀን ሚስታቸው የምታደርሰው ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ ነበራት። ኬኩ በፎጣ ተደልድሎ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ እሷ ከጎኑ፣ እኔ በአማካሪነት ከፊት።

"ለትንሽ ብቻ" ብለው ክቡርነታቸው ሙዚቃውን ከፈቱት። ሆዴ ውስጥ ሌላ ሰው የገባ መሰለኝ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ታርጋው ማጉረምረም ጀመረ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይላል። ዞር ስል ግን የላይኛው ፎቅ እንደ ሰካራም ወደ መስኮቱ ተጠግቷል፤ የክሬም ጽጌረዳዎቹም ቁልቁል ጉዞ ጀምረዋል። ሴትዮዋ ኬኩን በሁለት እጇ ደግፋ ይዛለች፣ እጅጌዋ በክሬም ተለውሷል። 

ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ማለት ይኼ ነው። ክቡርነታቸው ሙዚቃውን አጠፉ፣ መኪናውን ጥግ አስያዙ፤ እሷ አበቦቹን በቢላዋ ጫፍ መልሳ ስትተክል በካርቶን ክዳን አቧራ ሲከላከሉላት ቆዩ። ኬኩ በሰዓቱ ደረሰ። የተጎዳውን ጎኑን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ማንንም ሳያማክሩ ሣጥኑን መልሰው ትንሿን አስገጠሙ። ሰፈሩ ደነገጠ። ፀጉር ቆራጩ "አመማቸው እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። አጥሩ ላይ ብቅ ማለትም ቀረ። ዕረፍት አገኘሁ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ቅር ብሎኝ ሰነበተ። ትንሿ ከደጅ አትሰማም። ሲያልፉ የማንም መስታወት አይርገበገብም። ያ ሁሉ የጎረምሳነት ምኞት ከወንበር ሥር መግባቱን ሳስብ አዘንኩላቸው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ላይ ቆሜ ሳለሁ ሚስታቸው አንድ ኬክ ዕቃ መጫኛው ላይ አደላድላ ከፊት ገባች። ሞተሩ ተነሣ። ሙዚቃው ከመቃተት የማይሻል ነበር።

"ከፍ አድርገው እንጂ" አለቻቸው።

"ኬኩስ?"

"ኬኩን የጋገርኩት እኔ ነኝ፤ የሚችለውን አውቃለሁ። ከፍ አድርገው።"

እጃቸውን ሰደዱ፤ ጥቂት ጨመሩና ቆሙ። ከዚያ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ፣ ልጨምር ወይስ ይበቃል?"

ይህ ጥያቄ ምን ያህል ናፍቆኝ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው።

"ጨምር" አልኳቸው።

ጨመሩ። በጉርብትናችን ዘመን ሁሉ ምክሬን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው።