መናፍስቱ በሰልፍ ይሂዱልን

ያን ጊዜ ጥቅምት ሲገባ ኮረብታችን በሙሉ ያውድ ነበር። ብርቱካንማ ትንንሽ አበባ የምታወጣው ዛፍ በየአጥሩ ላይ ትፈነዳለች፤ ካኪ የሚሉት የፍሬ ዛፍ ቅጠሉን እያራገፈ ብርቱካን የሚያህል ፍሬው ብቻ ይቀላል፤ ከታች ከወደቡ የሚመጣው ነፋስ ጠዋት ጠዋት ቆንጠጥ ያደርጋል። ደስ የሚልም፣ ሆድ የሚያባባም ወቅት ነው። እኔ ግን ያ ሽታ በሸተተኝ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ እትዬ ኦኖዴራ ናቸው፤ ክንዳቸው ላይ የሰፈሩን ማኅበር ጨርቅ አስረው፣ ቆሻሻ የሚለቅሙበትን ረጅም መቆንጠጫ ይዘው።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። የእኛ ከተማ ዮኮሱካም ይሁን ሌላ አገር፣ ማንም ሳይለምነው የሰፈሩን ሸክም የተሸከመ፣ ተሸክሞም ቀኑን ሙሉ የሚያሳየን አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛዋ ክብርት ሊቀመንበር እትዬ ኦኖዴራ የቆሻሻ ማውጫውን ቀን ከልጆቻቸው ልደት አብልጠው ያውቃሉ። የዓሣ ቆርቆሮ ሳያጥብ የጣለ ሰው፣ በማግስቱ ቆርቆሮውን ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ደጁ ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል። ከስድብ ይብሳል። ሰው ሲያኮርፍባቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ለሰፈሩ ብዬ ነው እንጂ ለእኔማ ምን ገዶኝ!»

ሃሎዊን የሚሉት በዓል እኛ ልጆች ሳለን አልነበረም። መጀመሪያ የወረቀት ዱባ ሆኖ ሱቅ መስኮት ላይ መጣ፣ ቀጥሎ ከረሜላ ሆነ፣ ከዚያ ልጆቹ ጭራቅ መስለው ካልዞርን አሉ። እናቶች ማኅበሩን ፈቃድ ጠየቁ። በዓሉም እትዬ ኦኖዴራ እጅ ገባ፤ ወዮለት።

ሌላ አገር ልጆች በዚያ ቀን ጨለማ ተገን አድርገው ሰው ያስደነግጣሉ አሉ። የእኛ መናፍስት ግን ማዘጋጃ ቤቱ አመሻሽ ላይ በድምፅ ማጉያ የሚያሰማው ዜማ ሳይጀምር ቤታቸው መግባት አለባቸው። በመንገዱ ዳር በሰልፍ ይሄዳሉ። ቀይ ቀለም ተቀብቶ ደም ነው ማለት ክልክል ነው፤ ግድግዳ ያበላሻል። ልጆቹ «ከረሜላ ስጡን፣ አለዚያ ጉድ እንሠራችኋለን!» የሚሉትን ሲሰሙ ሊቀመንበሯ ደነገጡ። «ሽማግሌ ደጅ ቆሞ መዛት ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?» አሉና አስተካከሉት። ከዚያ ወዲህ የእኛ ሰፈር አጽሞች እጅ ነስተው «ደህና ዋላችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልንና ከረሜላ ካለ…» ነው የሚሉት።

አንዲት ጠንቋይ መጥረጊያ ይዛ መጣች። «መጥረጊያ ከያዝሽ አይቀር» ብለው የመናፈሻውን ቅጠል አስጠረጓት። አንዱ ልጅ ሶፍት ተጠቅልሎ የተገነዘ ሬሳ ሆኖ ሲመጣ፣ የሚቃጠል ቆሻሻ የሚወጣው ማክሰኞ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ቤቱ እንዲያስቀምጠው ነገሩት። የደም መጣጩን ካባ ደግሞ መሬት ይጎትታል ብለው እዚያው በመርፌ ቁልፍ አሳጠሩለት። ልጁ ቀኑን ሙሉ ደም የመምጠጥ ወኔ አጣ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የዱባውን ነገር ነው።

ልጆቹ የሚያንኳኩት በሩ ላይ የወረቀት ዱባ የተለጠፈበትን ቤት ብቻ ነው። ዱባውን የሚያድሉት እሳቸው ናቸው። የእኔ ቤት ከረጅሙ የድንጋይ ደረጃ በላይ ነው። ባሌ በአንድ ዝናባማ ቀን እዚያ ደረጃ ላይ እርጥብ ቅጠል አዳልጦት ወደቀ፤ ሆስፒታል ገባ፣ አልተመለሰም። ልጅ አልወለድንም። ከዚያ ወዲህ በሬን የሚያንኳኳው ጋዝ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ብቻ ነው። የሰው ልጅ ድምፅ ደጄ ላይ አማረኝ፤ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

«እትዬ ኦኖዴራ፣ ለእኔም አንድ ዱባ ይስጡኝ እንጂ።»

«የእርስዎ ቤት ከደረጃው በላይ ነው፣ እትዬ ፉሳኤ።»

«ቤቴ የት እንደሆነማ አውቃለሁ።»

«ደረጃው ያዳልጣል።»

«ልጆች እኮ እንደ ፍየል ነው የሚወጡት!»

«ቢወድቁስ? ሰው ምን ይለናል? እኔ ለሰፈሩ ብዬ…»

«ለእርስዎማ ምን ገዶዎት! ሰምቻለሁ።»

በየዓመቱ እንዲሁ ነው። እኔም በየዓመቱ ምናልባት ብዬ የወተት ከረሜላ እገዛለሁ፣ እስከ አዲስ ዓመት ድረስም ራሴ እበላዋለሁ። አንድ ጥርሴ የተሸረፈው በዚያ ነው።

ከደረጃው ሥር የምትኖር ናዙና የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ፣ «እማማ ፉሳኤ፣ እርስዎ ቤት ለምን አንመጣም?» አለችኝ።

«ሊቀመንበሯን ጠይቂያቸዋ።»

«ውይ፣ እፈራቸዋለሁ! ከጭራቅ ይበልጣሉ እኮ።»

በዚያ ዓመት ክብርት ሊቀመንበር አዲስ ሐሳብ መጣላቸው። እያንዳንዱ ልጅ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራውን መስሎ ይምጣ አሉ። ያለ ደም።

በቀኑ እኔም ከዘራዬን ይዤ፣ ለማየት ብቻ፣ መናፈሻው ድረስ ወረድኩ። አጽሙም ጠንቋይዋም ተሰልፈዋል። ናዙና ከእናቷ ጋር ዘግይታ መጣች። ሰፊ ባርኔጣ፣ አበባ ያለበት ሽርጥ፣ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የወረደ መነጽር፣ ክንዷ ላይ የታሰረ ጨርቅ፣ በእጇ የምድጃ መቆንጠጫ። ቁርጥ እትዬ ኦኖዴራ! እናትየው እስከ ጆሮዋ ቀላች፤ ልብሱን ቤት ስታለብሳት ቀልድ መስሏት ሳይሆን አልቀረም። እኔ ሳቄን በሳል ሸፈንኩት።

እትዬ ኦኖዴራ ቀስ ብለው ቀረቡ። «አንቺ ደግሞ ምንድነሽ?»

ልጅቷ መቆንጠጫዋን ወደ ላይ አነሣችና ጮኸች። «ማኅበሩ ወስኗል! ዛሬ እማማ ፉሳኤም ቤት እንሄዳለን! በሰልፍ! መገፋፋት የለም! ለሰፈሩ ብዬ ነው እንጂ ለእኔማ ምን ገዶኝ!»

አንድ አጽም በሳቅ ፍርፍር አለ፣ እናቱ አፉን ያዘችው።

እትዬ ኦኖዴራ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ጎንበስ አሉ። ከቀኝ ክንዷ ላይ ጨርቁን ፈትተው በግራዋ አሰሩላት። «በግራ ነው የሚታሰረው» አሉ። «መቆንጠጫውን ደግሞ አፉን ወደ መሬት አድርጊው፤ የሰው ዓይን እንዳታወጪ።» ከዚያ ቀና ብለው ወደ እናቶቹ ዞሩ፦ «ሊቀመንበሯ ተናግረዋል እኮ። ምን ትጠብቃላችሁ?»

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። እኔ በከዘራ ከፊት፣ አጽምና ጭራቅ ከኋላ፤ ገብቼ በሬን ዘጋሁና እስኪያንኳኩ ጠበቅሁ። አንኳኩ። እጅ ነሡ። ይቅርታ ጠየቁ። ከረሜላዬን አፍሼ አፍሼ ሰጠሁ።

ወጣ ስል እትዬ ኦኖዴራ ደረጃው መሐል፣ ባሌ የወደቀበት ቦታ ላይ፣ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። የሚወርደው ልጅ ሁሉ እጃቸውን ይዞ ያልፋል። ያኔ ነው ያየሁት፤ የካኪው ዛፍ ከላይ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ደረጃው ላይ ግን በዚያው ቀን የረገፈ እንጂ የትናንት ቅጠል የለም። በየማለዳው የምሰማው የመጥረጊያ ድምፅ የማን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ።

«ይህን ደረጃ የሚጠርጉት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ቅጠሉ ቦዩን ይደፍናል» አሉ፣ ሳያዩኝ።

«ለሰፈሩ ብለው ነው።»

«ታዲያ ለማን ብዬ!»

የቀረችውን አንድ ከረሜላ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ገልብጠው መረመሩና፣ «ይሄ ከማክሰኞው ቆሻሻ ጋር ነው የሚወጣው፤ እንዳይረሱ» አሉኝ። ወይ አምላኬ! ወደው አይስቁ።

ከዚያ በኋላ በየጥቅምቱ በሬ ላይ ዱባ ተለጠፈ፣ ጉልበታቸው እምቢ እስኪላቸው ድረስ። አሁን ሰፈሩ ልቅ ሆኗል፤ መናፍስቱ እንደ ፈለጋቸው ይጮኻሉ፣ ቆርቆሮም ሳይታጠብ ይጣላል፣ የሚቆጣም የለም። ማለዳ ማለዳ የደረጃዬን ቅጠል በከዘራዬ ጫፍ የደረስኩበትን ያህል እገፋዋለሁ።

እትዬ ኦኖዴራ አሁን ሴንዳይ ከተማ ናቸው፣ ሴት ልጃቸው ዘንድ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ ፎቅ ቤት። መስኮታቸው ከዚያ ሰፈር ቆሻሻ ማውጫ ትይዩ ነው አሉ።