ብርቄ በትዝታ የለካችው ሹራብ

እኔ ሥራን ሁሉ የምመዝነው ለአፍ በሚተወው ነፃነት ነው። እንሰት ስትፍቁ ትንፋሽ ያጥራችኋል፤ ወሬ የለም። ቅቤ ስታነጥሩ ዓይናችሁን ከድስቱ ካነሳችሁ አረረ፤ ወሬ የለም። ጎመን ስትከትፉ ወሬ ካማራችሁ ጣታችሁንም አብራችሁ ትከትፋላችሁ። ሹራብ ግን! ሹራብን መጀመሪያ የፈለሰፈው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሴት ለመሆኗ ግን እምላለሁ፣ ያውም ጎረቤት የበዛላት ሴት። እጅ ለብቻው ይሄዳል፣ አፍ ለብቻው ይሄዳል፣ ሲመሽ ሁለቱም በሰላም ቤታቸው ይገባሉ።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ መስቀል ልነግራችሁ ፈልጌ ነው።

መስቀል እኛ ዘንድ የአንድ ቀን በዓል አይደለም። ከሐምሌ ጀምሮ እየተንቀራፈፈ የሚመጣ እንግዳ ነው። ሐምሌ ላይ ቅቤው ይጠራቀማል፣ ነሐሴ ላይ ቆጮው ይታያል፣ ጳጉሜን ላይ ቤቱ ይለቀለቃል። መስከረም ከገባ ደግሞ ወልቂጤ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሁሉ አንገቱ ወደ አዲስ አበባ ዞሮ ይቀራል። ወንዶቻችን የሚመጡት በዚያ ነዋ። አሥራ አንድ ወር መርካቶ ከርመው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ሎንቺና ሙሉ ሆነው እኛ ላይ ይራገፋሉ። እስከዚያው ባል ማለት ደብዳቤ ነው። ደህና ባል ከሆነ፣ ደብዳቤና ሳሙና።

ክረምቱን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ አራት ሆነን እትዬ ጥሩወርቅ በረንዳ ላይ ክራችንን ይዘን እንሰበሰባለን። እትዬ ጥሩወርቅ የጎንደር ሰው ናት፤ ባሏ አቶ መኮንን የወረዳው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ሹራብ ያስተማረችን እሷ ናት። መርፌ ያጣን ጊዜ ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ነቅላ፣ ጫፉን በድንጋይ ሞርዳ ያስጨበጠችንም እሷው ናት። ሁለተኛዋ ዘሃራ ናት፤ የቡታጅራ ልጅ፣ እዚህ አግብታ ክርና አዝራር የምትሸጥ። ዘሃራን ከጠየቃችሁ ወልቂጤ ያለው ሁሉ ቡታጅራ ይሻላል፤ ዝናቡ ሳይቀር። መስቀል የሷ በዓል አይደለም፣ ግን ከሁላችን ቀድማ የምትሯሯጠው እሷ ናት። ኢድ ሲመጣ ደግሞ የመሯሯጡ ተራ የኛ ነው። ሦስተኛዋ ብርቄ። አራተኛዋ እኔ፤ ስስቅ መንገደኛ ቆሞ የሚያዳምጠኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ “አክስቴ” የሚለኝ እኔ።

የዛሬ አራት ዓመት ነሐሴ ላይ ብርቄ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ክር በነጠላዋ ሸፍና መጣች።

“ለሳህሌ ሹራብ ልሠራ ነው” አለች። ሳህሌ ባሏ ነው፤ መርካቶ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል።

“ልኩን ታውቂዋለሽ?” አለች እትዬ ጥሩወርቅ፣ ክሩን በሁለት ጣቷ እያሸች።

“ባሌ አይደል እንዴ!”

“ባልሽማ ነው። ደረቱስ ስንት ነው?”

ብርቄ ሁለት እጇን ዘረጋች። አየናቸው። ትንሽ አሰበችና ጨመር አደረገችው።

የኔ አፍ መቼ ያርፋል! “ምን አስጨነቀሽ፣ ደብዳቤ አስጽፈሽ ልክህን ላክልኝ አትይውም?” አልኳት።

ክሩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሳቃችን ያኔ ቆመ።

“ባለፈው መስቀል እንዳልመጣ ታውቃላችሁ” አለች።

እናውቃለን። ሥራ በዛብኝ ብሎ ሳሙናውን በሰው ልኮ ቀረ። ለመስቀል የቀረ የጉራጌ ወንድ ምን እንደሚባል ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል፤ እዚያ ሌላ ጎጆ ወጥቷል ነው የሚባለው። አገና ገበያ ድረስ ተብሏል። በብርቄ ፊት ያላልነው እኛ ብቻ ነን፣ እኛም ከኋላዋ ብለናል።

“ዘንድሮ እመጣለሁ ብሏል” አለች ብርቄ። “ልኩን በፖስታ ከጠየቅሁትማ ምኑን ሚስቱ ሆንኩ? ልኩ ከሆነ፣ አሁንም አውቀዋለሁ ማለት ነው። ካልሆነ ግን...” አልጨረሰችውም።

ያዳነችን ዘሃራ ናት። “ወላሂ ልኩ ይሆናል! ቡታጅራ ሰው የሚለካው በዓይን ነው።”

እኛም በዓይን ለካን። በሌለ ሰው ላይ ዓይን ምን ያህል ቸር እንደሆነ ያየሁት ያኔ ነው።

መጀመሪያ ፎቶግራፉ ቀረበ። ጉርድ ነው፤ ከደረት በታች የለም፣ ያለውም ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። አንገቱን በክር ለክተን ስንት እጥፍ እናድርገው እያልን ስንከራከር አንድ ከሰዓት አለቀ። በማግስቱ አቶ መኮንን ከሥራ ሲገቡ በረንዳው ላይ ያዝናቸው። ካፖርታቸውን አስወልቀን፣ እጃቸውን ግራና ቀኝ አስዘርግተን አቆምናቸው።

“ምን አጠፋሁ?” አሉ።

“ለአፍታ የብርቄን ባል ይሁኑልን፣ ጋሼ” አልኳቸው።

እትዬ ጥሩወርቅ ዙሪያቸውን ለካች። ብርቄ ራቅ ብላ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና ገልጣ፣ “ከሳቸው በስንዝር ይሰፋል” አለች።

“በስንዝር ብቻ?” አለች ዘሃራ። “የበሬ ጭን ብቻውን ተሸክሞ ሲያልፍ አይቼዋለሁ እኮ! አንድ ጋት ጨምሩበት።”

እኔም የማውቀውን መሰከርኩ፤ ሳህሌ ቤቴ ሲመጣ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው አልኩ። የኔ በር ላይ ሳይጎነብስ የሚገባ ዶሮ ብቻ መሆኑ ትዝ ያለኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ሳህሌን በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ እሷም ግን ከሰው ላለማነስ “ሱፍ ሲታጠብ ይገባል” ብላ አራት ጣት አከለች።

አቶ መኮንን እጃቸውን እንደዘረጉ፣ “ልብ በሉ፣ በሌለበት የተፈረደበት ሰው ይግባኝ የማለት መብት አለው” አሉ። ማን ሰምቷቸው!

ሹራቡ አደገ። ብርቄ ጣቷ ሲደክም እኔ እቀበላታለሁ፣ ከኔ ዘሃራ ትቀበላለች። እትዬ ጥሩወርቅ የሠራችበት ጥብቅ ብሎ ያስታውቃል፤ የኔው ላላ ይላል፣ ስስቅ እጄ ይለቃላ። አሁንም ሹራቡን ብታዩት የትኛው ቦታ ላይ ምን ዓይነት ቀልድ እንደተወራ ላሳያችሁ እችላለሁ። ጀርባው ሲያልቅ፣ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ በመጣ ቁጥር አራታችንም ጉልበታችን ላይ እንዘረጋው ጀመር። ሞቀን ያልን እንጂ በዛ ያለች አንዲት ሴት አልነበረችም። ብርቄ ብቻ፣ ተራዋ ሲደርስ፣ ዝም ብላ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። እየቆጠረች ነው ብለን ተውናት።

እጅጌው ክርን ላይ ሲደርስ ክሩ አለቀ። ዘሃራ ሱቋን በርብራ ያገኘችው የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ክር ነው። ከክርን በታች በሱ ቀጠልን።

“የቡታጅራ ፋሽን ነው” አለች ዘሃራ፣ ሳይከፋት።

መስከረም ገባ፣ ሎንቺናው መጣ። ከብርቄ ጋር ልንቀበለው ወጣን። ጣሪያው ላይ ሻንጣና ፍራሽ ተቆልሏል፤ ወንዶቹ እየወረዱ አቧራቸውን ያራግፋሉ፤ እልልታው፣ መሳሳሙ፣ እንኳን ደህና መጣህ ብቻ ነው። ብርቄ በእግር ጣቷ ቆማ ሰፊ ትከሻ ትፈልጋለች። እኔም እፈልግላታለሁ። አንድ ቀጭን ሰውዬ መጥቶ ፊታችን ተገተረ። “ወንድሜ፣ እባክህ አትጋርደን” ልለው አፌን ስከፍት፣

“ብርቄ” አለ።

ሳህሌ ነበር። ብርቄ እስካሁን በአናቱ ላይ አሻግራ ነበር የምታየው።

አቅፋ ሳመችው፣ ደግማ ሳመችው፣ ግን እጇ ጀርባው ላይ ሲደርስ የት ማረፍ እንዳለበት የጠፋው ይመስል ነበር። ያ የነገርኳችሁ አፌ ያን ቀን እስከ ቤት ድረስ ተዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ሁላችንም እንኳን ደስ አለሽ ልንላት ቤቷ ተሰበሰብን። ብርቄ ስለ ሹራቡ ትንፍሽ አላለችም፤ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብላበታለች። ዘሃራ ግን “የታለ? አውጪው እንጂ!” አለች። ምን ይደረግ፣ ወጣ። ሳህሌ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ቆሞ አጠለቀው።

ጫፉ ጉልበቱ ላይ ደረሰ። ቀዩ እጅጌ ጣቶቹን አልፎ ተንጠለጠለ። አንገቱ ባንድ ትከሻው ወረደና እዚያው ቀረ። ሳቅ አመለጠኝ። ብቻዬን ሳቅሁ፣ ብቻዬን አቆምኩ።

ብርቄ ግድግዳውን እያየች “አላወቅሁህም” አለች።

“አውቀሽኛል” አለ ሳህሌ። እጁን ከእጅጌው ውስጥ ፈልጎ ሊያወጣ ሞክሮ ተወው። “ልኬ ይኸው ነበር። የጎደልኩት እኔ ነኝ። ባለፈው መስቀል ሐኪም ቤት ተኝቼ ነበር፤ እስከ ጥር ድረስ አልወጣሁም። ሥራ በዝቶበት ነው በሏት ያልኩት እኔው ነኝ። ለመስቀል ሐዘን ልላክልሽ?”

ብርቄ ከሳጥኑ ላይ ብድግ አለች።

“ምነው ሌላ ሚስት አግብተህ በቀረህ!” ብላ ጮኸችበት፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ። “እሷ እንኳ ታስታምምህ ነበር! ብቻህን ተኝተህ? ብቻህን?” የተንጠለጠለውን እጅጌ ያዘችና ፊቷን ጠረገችበት። ለሁለቱም ተረፈ።

እትዬ ጥሩወርቅ ሰው ሲያለቅስ ሥራ ካልያዘች አትችልም። “ምንም ችግር የለም፣ ፈትተን እንደገና እንሠራዋለን” ብላ የክሩን ጫፍ መፈለግ ጀመረች። ሹራብ በዚህ ደግ ነው። ጨርቅ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው፤ ሹራብ ግን ጫፉን ካገኛችሁለት ተተርትሮ ክር ይሆንና ምንም እንዳልተፈጠረ ከእንደገና ይጀመራል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ሌላ ስንት ከሰዓት በረንዳው ላይ!

ሳህሌ ግን ሹራቡን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ጥርቅም አድርጎ ያዘው። “አይፈታም” አለ። “እሞላዋለሁ።”

ሊሞላውም ተነሳ። በደንጌሳት፣ ያ የጎመን ክትፎ በአይብ የሚበላበት ቀን፣ ሁለት ጣባ ጨረሰ። ሥጋው ሲደርስማ ብርቄ ፊቱ ቁጭ ብላ ቅቤውን ታፈስለታለች፤ በዛ ሲላት “ሹራቡን ጠይቀው” ትለዋለች። ሲመለስ ወገቡን በቀበቶ አስሮ፣ እጅጌውን አራት ጊዜ አጥፎ ለብሶት ሄደ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ደብዳቤ ሥራ በዛብኝ አይልም። “ደረቴን ሁለት ጣት ሞላሁ” ይላል። “እጅጌው ገና ነው” ይላል። ብርቄ ደብዳቤውን በረንዳው ላይ ታስነብበናለች፣ ዘሃራም “አልሐምዱሊላህ፣ ቡታጅራ ቢሆን እስካሁን ይጠበው ነበር” ትላለች።

እዚህ ላይ ባቆም ደህና ነበር። ግን ቀናሁ።

የኔ ባል የትም አይሄድም። እዚሁ ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው፤ በየቀኑ ምሳውን ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ይበላል። ለሚቀጥለው መስቀል ለሱም ሠራሁለት። ጓደኞቼ “ቅርብ ነው፣ ጥሪውና እንለካው” ሲሉኝ፣ “ሃያ ዓመት ያየሁትን ሰው!” ብዬ አሳፈርኳቸው። አንድም ጣት የጨመረ የለም፣ እኔም አላስጨመርኩም።

የመስቀል ጧት ሊያጠልቀው ሞከረ። ጭንቅላቱ ገባ፣ መውጫ ግን አላገኘም። እጆቹ ወደ ላይ ተሰቅለው ቀሩ። ከሱፉ ውስጥ ድምፁ መጣ፦

“አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ለማን ነው የሠራሽው?”

“ላንተ ነዋ!”

“ለመሆኑ” አለ፣ “አይተሽኝ ታውቂያለሽ?”

ብርቄን ጠርቼ፣ አንደኛችን በእጅጌው አንደኛችን በአንገቱ ጎትተን አወጣነው። ፀጉሩ ተንጨባሮ፣ ፊቱ ቀልቶ ቆመ። አየሁት። ትከሻው ሰፍቷል፣ ሆዱ መጥቷል፣ ከጆሮው በላይ ሸብቷል። መቼ ነው ይህ ሁሉ? ምሳ ላይ ነበር እኮ፣ ፊት ለፊቴ!

ለካሁት። ቀጥ ብሎ ቆመልኝ፣ ትንፋሹንም ዋጥ አላደረገም። ከበዓሉ በኋላ አራታችን በረንዳው ላይ ተሰብስበን ሹራቡን ለመፍታት ተቀመጥን። አንድ ከሰዓት የሚበቃ ሥራ ነው። ሳምንት ፈጀብን።